የልጆች ትራያል ሞተር ሳይክል በቤት ውስጥ ጥገና ሲመዘን፦ የሁለት ዓመት ግምገማ

ባለ 80 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያለውን የልጆች ትራያል ሞተር ሳይክል የገዛነው ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ነበር። ከእኛ በፊት ሌላ ልጅ ነድቶታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ለመካኒክ የሰጠሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን የቀረውን ሥራ ሁሉ በቤቴ፣ በአንድ የመፍቻ ሣጥን፣ አብዛኛውን ጊዜም ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ ይህ ግምገማ ሞተር ሳይክሉ ምን ያህል ድንጋይ እንደሚወጣ የሚናገር አይደለም። የልጅ ሞተር ሳይክል ጥራት በደንብ የሚታየው ከጉዞ መልስ፣ ጭቃው ሳይደርቅ፣ ወላጁ ሊከፍተው አጠገቡ ሲቀመጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ያንን ፍሬን ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ያምናል። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ይህ ለመከፈት ታስቦ የተሠራ፣ ሕመሙንም ቶሎ የሚናገር ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ውኃን፣ የቆየ ቤንዚንንና የተሳሳተ ዘይትን ፈጽሞ አይችልም። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ከማነሣቸው ነገሮች አብዛኞቹ በዚህ መጠን በሚሠሩ ሌሎች ሞተር ሳይክሎችም ላይ የሚገኙ ናቸው።

ትራያል የፍጥነት ስፖርት አይደለም። ነጂው መቀመጫ በሌለው ሞተር ሳይክል ላይ ቆሞ፣ ድንጋይ፣ ግንድ፣ ጅረትና ዳገት ያለበትን አጭር ክልል እግሩን መሬት ሳያስነካ ለማለፍ ይሞክራል። አንድ ጊዜ እግር ማስነካት 1 ነጥብ፣ ሁለት ጊዜ 2፣ ከዚያ በላይ 3፣ ክልሉን ሳይጨርሱ መቅረት ደግሞ 5 ነጥብ ያስቀጣል፤ ያሸነፈው ትንሹን ቅጣት የያዘው ነው። ይህን የማነሣው ሞተር ሳይክሉ የሚጎዳበትን መንገድ የሚወስነው አነዳዱ በመሆኑ ነው። ሞተሩ ረጅም ሰዓት በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ሥራ የሚበዛበት የሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጡት በራሱ የሚዞርበት፣ መስመር ነው። ፍሪሲዮኑ በየደቂቃው ይያዛል፣ ይለቀቃል። ሞተር ሳይክሉ በዝግታ ስለሚሄድ ራዲያተሩ ነፋስ አያገኝም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው ብቻ ነው። የጎማ ኩሽኔታዎቹ በየጉዞው ውኃ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያም ልጅቷ ፈተና ሲደርስባት ወይም ጉንፋን ሲይዛት ሞተር ሳይክሉ ለሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ለአንድ ወር ይቆማል። መንቀሳቀሱ ከሚያደርስበት ጉዳት መቆሙ የሚያደርስበት እንደሚብስ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በመጀመሪያ የማመሰግነው ለእጅ ምቹ መሆኑን ነው። መቀመጫ ስለሌለው የኋላው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) በሁለት ብሎን ብቻ ይነሣል፤ ከሥሩም የአየር ማጣሪያው ሣጥን ወዲያው ይገኛል። ካንዴላውን ለማውጣት ምንም ነገር መፍታት አያስፈልግም። ፍሬኖቹም፣ ሰንሰለቱም፣ የራዲያተሩ ቱቦዎችም በግልጽ ይታያሉ። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ በመሆኑ በየሁለት ጉዞው አውጥቼ በማጣሪያ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ ከዚያም በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጥባለሁ፤ ሳልጠመዝዝ በመዳፌ መካከል እጨምቀዋለሁ፤ በደንብ ከደረቀ በኋላ የማጣሪያ ዘይት አስገብቼ ቀለሙ በሁሉም ቦታ እኩል እስኪሆን ድረስ አሸዋለሁ። ስፖንጁን መጠምዘዝ የተጣበቀበትን መስመር ይቀድደዋል፤ የተቀደደ ስፖንጅ ደግሞ አቧራውን በቀጥታ ወደ ፒስተኑ ይልከዋል። ሁለተኛ ስፖንጅ ገዝቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሠራል፣ ልጅም በእርጥብ ማጣሪያ ምክንያት ጉዞ አይቀርባትም።

የካርቡሬተሩ ነገር ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካጋጠሙን ችግሮች ከግማሽ በላዩ የመነጨው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ ሞተሩ አየር መዝጊያው ተስቦ ሲነሣ ደህና ይሠራና መዝጊያው ሲመለስ ይጠፋል፤ ወይም ነዳጅ ሲሰጡት ይጮኻል እንጂ ሚኒሞ አይዝም። ለትልቅ ሰው ይህ መሰላቸት ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዲት ልጅ ግን ዳገት መሐል ላይ ሞተሩ ሲጠፋባት ወደ ኋላ ትወድቃለች፤ ስለዚህ ሚኒሞ በእኛ ቤት የደኅንነት ጉዳይ ነው።

አንድ ጊዜ ከወር በላይ ቆሞ ከቆየ በኋላ ይህ ምልክት ሲመጣ ካርቡሬተሩን አወረድኩት። የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቼ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ የታችኛውን ክዳን አራት ብሎኖች በትክክለኛው ካቻቢቴ ፈታሁ። ክዳኑ ሥር የነበረው ፈሳሽ ቤንዚን ቤንዚን አይሸትም፤ ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ጣት ሲነካውም ይጣበቃል። የሚኒሞውን ጂግለር፣ ያችን ቤንዚኑን የምትመጥን፣ ከጥፍር የምታንስ የነሐስ ቧንቧ፣ አውጥቼ ለልጄ ሰጠኋትና በመስኮቱ ብርሃን በኩል እንድታይበት ነገርኳት። «ምንም አይታይም» አለችኝ። ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ በመሆኑ ትንሽ የደረቀ ቤንዚን ይበቃዋል። በካርቡሬተር ማጽጃ ነክረን፣ በታመቀ አየር ነፋንና እንደገና ሰጠኋት፤ በዚህ ጊዜ መሐሉ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሆነች ነጭ ነጥብ ታየቻት። በሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው በጥቂቱ ከሰፋ ልኩ ይጠፋል፤ ጂግለር የሚቆጠረው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነውና። ክዳኑን መልሰን ስንገጥም ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም ፍሳሽ የሚከለክለው መሐል ገቡ፣ በቦታው መቀመጡን፣ ተንሳፋፊውም በነጻነት መውጣትና መውረዱን አየን። ሞተሩ የእግር ማስነሻውን ለሁለተኛ ጊዜ ስረግጠው ተነሣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር ሳይክሉ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከመሰለኝ ቤንዚኑን ዘግቼ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረውን ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ አስጨርሰዋለሁ፤ ወይም ከሥሩ ባለችው የማፍሰሻ ብሎን አፈስሰዋለሁ። ይህች ብሎን በእጅ የምትደረስ መሆኗን በጣም እወድላታለሁ፤ ንድፉን የሠራው ሰው ቤት ውስጥ የሚጠግንን ወላጅ እንዳሰበ ያሳያል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው፤ ድብልቁን በተመለከተ የእኛ መመሪያ የሚያዝዘው 1.5 በመቶ የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው፤ ይኸውም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 15 ሚሊ ሊትር፣ ለአምስት ሊትር 75 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በግምት ማፍሰስ በሁለቱም በኩል ይጎዳል፤ ሲያንስ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል)፣ ሲበዛ ደግሞ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታውም (የጭስ ማውጫው) በጥቀርሻ ይታፈናል። መለኪያው የመድኃኒት መርፌ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ እንደዚያ ነው፣ ልኩንም የምትስበው ልጄ ናት። የተደባለቀውን ቀን በጀሪካኑ ላይ መጻፍንም አልረሳም።

አሁን ወደ ከባዱ ችግር ልለፍ። በገዛነው ሰሞን ልጄ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ሞተር ሳይክሉ ወዲያው አይሄድም ነበር፤ አንድ ቅጽበት ይዘገይና በድንገት ይወረወራል። መጀመሪያ ጥፋቱ የእሷ ልምድ ማነስ መስሎኝ ቀስ ብለሽ ልቀቂ እያልኩ ደጋግሜ ተቆጣኋት፤ ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሦስተኛው ሳምንት ራሴ መሪው አጠገብ ተንበርክኬ የፍሪሲዮኑን ማንሻ ጫንኩና ለቀቅኩት። ማንሻው ሲመለስ እንደ ደከመ በር ቀስ ብሎ ነበር። ፍሪሲዮኑ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው፤ የዘይት መያዣውን ስከፍት በክዳኑ ላይ የማዕድን ዘይት ብቻ እንዲገባበት በግልጽ ተጽፏል፤ በውስጡ የነበረው ግን ተራ የፍሬን ዘይት ነበር። ቀደም ሲል የነበረው ባለቤት የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን ዘይት አንድ አድርጎ አይቷቸዋል። ሁለቱ ጠላቶች ናቸው፤ ለአንዱ ተብሎ የተሠራው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) በሌላው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ መጨረሻውም ማፍሰስ ነው። ጎሚኒዎቹን ከላይም ከታችም ቀይሬ፣ መስመሩን አጥቤ፣ ትክክለኛውን ዘይት ሞልቼ አየሩን አስወጣሁ፤ በማግስቱ ልጄ በመጀመሪያው ሙከራዋ ድንጋዩን ወጣች።

ፍሬኖቹ በተቃራኒው ዶት 4 የሚባለውን ዘይት ይፈልጋሉ። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ ቀለም ስለሚያነሣም የፈሰሰው ወዲያው በውኃ መታጠብ አለበት። በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ ሁለት ዓይነት ዘይት መኖሩ ለቤት ጠጋኝ ወጥመድ ነው፤ አምራቾች በክዳኖቹ ላይ የተለያየ ቀለም ቢቀቡ ምንኛ በቀለላቸው ነበር። እኔ ያደረግኩት ያንኑ ነው፤ የፍሪሲዮኑን ክዳን አረንጓዴ ቀባሁት፣ የማዕድን ዘይቱንም ጠርሙስ እንዲሁ።

የካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ዘይት ቀላል ሥራ ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች የሚዋኙት በዚሁ ዘይት ውስጥ ስለሆነ የዘይቱ ዓይነት የፍሪሲዮኑን ጠባይ ይወስናል፤ ከመመሪያው አለመውጣት ይሻላል። እኔ በየ20 ሰዓቱ እቀይረዋለሁ፤ መጠኑ ከግማሽ ሊትር የማይበልጥ በመሆኑ ለመቆጠብ ምክንያት የለም። የወጣው ዘይት እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና ቆም ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። ሞተር ሳይክሉ ከቆመ በኋላ ሸራዎቹ እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ከመነሣቱ በፊት ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት ይገባል። ልጄ ይህን አሁን ሳይነገራት ታደርገዋለች።

ለመካኒክ የሰጠሁበት ብቸኛ ጊዜም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሞተሩን የጎን ክዳን ስዘጋ አንዷን ብሎን ትጥበቅ ብዬ አንድ ዙር ጨመርኩና የአሉሚኒየሙ ጥርስ ተላጠ። በአሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚፈልገው የ10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ጥብቀት ብቻ ነው፤ የአዋቂ ክንድ ሳይታወቀው ከዚያ እጥፍ ይሰጣል። መካኒኩ የብረት ጥርስ አስገብቶ አስተካከለው፤ እኔም የጥብቀት መለኪያ ያለው መፍቻ ገዛሁ። ከመሣሪያዎቼ ሁሉ አንዱን ብቻ አስቀድሞ እንዲገዛ ሌላ ወላጅ ቢጠይቀኝ የምመርጥለት ይህንኑ ነው።

ጎማዎቹ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የትራያል ጎማ በጣም ልስልስ ሆኖ ድንጋዩን እንዲያቅፍ የሚነፋው በጥቂቱ ነው፤ የፊተኛው 0.4 ባር፣ የኋለኛው 0.3 ባር አካባቢ። የመኪና ጎማ መለኪያ በዚህ ዝቅታ ላይ የሚናገረው ነገር አይታመንም፤ እስከ 1 ባር ብቻ የሚያነብ መለኪያ ያስፈልጋል። ክብደቷ 30 ኪሎ የሆነ ልጅና የ75 ኪሎ ሰው አንድ ዓይነት አየር አይስማማቸውም፤ እኛ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነስን ጎማው ድንጋይ ላይ ሳያንሸራትት፣ ቸርኬውም ሳይመታ የሚቆይበትን ልክ አግኝተን ጽፈነዋል። ራጂ የሚባሉት የቸርኬ ሽቦዎችም በትንሽ መፍቻ ሲነኩ የሚሰጡት ድምፅ ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ ደንቆሮ ድምፅ የሚሰጠው የላላው ነው። ይህን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለልጄ ትቼላታለሁ፤ ጆሮዋ ከእኔ ይበልጣል።

በአምራቹ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ የግራሶ ነገር ነው። የኋላ ጎማውን የያዘውን ክንድና ከአሞርዛቶሩ ጋር የሚያገናኙትን መጋጠሚያዎች ስፈታ፣ ኩሽኔታዎቹ ላይ የነበረው ግራሶ በጣት የሚጠረግ ያህል እንኳን አልነበረም፤ ሁለቱ መርፌ ኩሽኔታዎች ዝገው እንደ ቡና ዱቄት የሆነ ነገር ወጣቸው። በየጉዞው ውኃ የሚገባ ሞተር ሳይክል ላይ የግራሶ መስጫ ቀዳዳ አለማበጀት ትክክል አይደለም፤ መፍታት የግድ ይሆናል፣ ሙሉ ግማሽ ቀንም ይወስዳል። አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ አወርደዋለሁ። የቀረው ጥንቃቄ በአጠባው ላይ ነው፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውኃ የኩሽኔታዎቹን መሸፈኛ አልፎ ይገባል፣ ግራሶውንም አጥቦ ያወጣል። እኛ በባልዲ፣ በብሩሽና በለስላሳ ሳሙና እናጥባለን፤ ማርሚታውንና የአየር ማስገቢያውን አስቀድመን እንደፍናለን፤ ከዚያ መድፈኛዎቹን አውጥተን ሞተሩን አስነሥተን ጥቂት ደቂቃ እናሠራዋለን። ጭቃ ከደረቀ በኋላ ማጠብ ድርብ ሥራ ስለሆነ ቢደክመንም ያኑ ዕለት እናጥበዋለን።

ሰንሰለቱን በተመለከተ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለን፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ማንም ወደ ሰንሰለቱ እጁን አያቀርብም። የልጅ ጣት በሰንሰለትና በጥርስ መካከል ለመግባት የሚወስድበት ጊዜ ከመጮኽ ያነሰ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹ ወጥቶ፣ ጎማው በእጅ እየተዞረ ብቻ ይጸዳል፣ ይቀባል። መወጠሪያዎቹ ቀንድ አውጣ የሚመስሉ ቁጥር ያላቸው ስለሆኑ በቀኝም በግራም አንድ ቁጥር ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ ይህ ንድፍ ግሩም ነው። የሰንሰለት ዘይት ወደ ፍሬን ዲስኩ እንዳይረጭ በካርቶን መከለል ያስፈልጋል፤ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ብዙ ጊዜ ከመጣል ሌላ ዕድል የለውም። ሸራው ውፍረቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ሲወርድ እቀይረዋለሁ፤ ጭቃ ላይ የሚሠራው የኋላው ቶሎ ያልቃል።

የመሪው አካባቢ ከጥገና ይልቅ የልብስ ስፌት ልክ የመውሰድ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮናን በተከታታይ ሲወስድ የኖረው ስፔናዊው ቶኒ ቦው ሲነዳ ያየ ሰው በፍሬኑና በፍሪሲዮኑ ማንሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ አንድ ጣት ብቻ እንደሚያርፍ ያስተውላል። የልጅ እጅም እንዲሁ ማድረግ እንዲችል ማንሻው ወደ መያዣው ቀርቦ መስተካከል አለበት። የእኛ ማስተካከያ ብሎን ሰፊ ልክ ስላለው ልጄ ስታድግ በዓመት ሁለት ጊዜ አርቀንላታል። የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት፤ መሪው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ተጠምዝዞ ይሞከራል፤ ሽቦው ከተወጠረ ሞተሩ በራሱ ነዳጅ ይወስዳልና። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው፣ ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋው ማግኔት ያለው ማጥፊያም ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ይነቀላል፤ ሞተሩ ካልጠፋ ጉዞ የለም። በዚህ ላይ ከልጄ ጋር ድርድር አድርጌ አላውቅም።

የጥገና መመሪያው ግን ከሞተር ሳይክሉ ጥራት ጋር አይመጣጠንም። የጥብቀት ልኮቹ ለፔርኖዎች (ጎማዎቹን ለሚይዙት ዘንጎች) እና ለሞተሩ ራስ ብቻ ተሰጥተዋል፤ ሥዕሎቹም የትልቁ ሞዴል ናቸው፣ የትንሹ ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፏል። ለልጅ የሚሸጥ ዕቃ ከሁሉ የበለጠ ግልጽ መመሪያ ሊኖረው ሲገባ ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ቤንዚንና ካርቡሬተር የማይስማማቸው ወላጆች በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ቢመለከቱ እመክራለሁ። በብሪታንያ ኢያን ስሚዝ ለልጁ ብሎ በጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2022 የሞተር ሳይክል አምራቹ ትራያምፍ በገዛው ኦሴት በተባለው ድርጅት የተሠሩት በዚህ በኩል የታወቁ ናቸው። ካርቡሬተር፣ የአየር ማጣሪያ፣ ድብልቅና የካምቢዮ ዘይት አይኖርም፤ ኩሽኔታው፣ ሰንሰለቱ፣ ፍሬኑና ጎማው ግን እዚያም ይጠብቃሉ፤ ባትሪውም የራሱ ሥርዓት አለው። ለስድስት ዓመት ልጅ ያለ ጥርጥር ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ። ፍሪሲዮንና ማርሽ መማር ለሚገባው ለዘጠኝና ለአሥር ዓመት ልጅ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ አንድ ሰዓት መስጠት የሚችል ወላጅ ካለው፣ የእኛን ዓይነት አስመርጣለሁ። ያን ሰዓት መስጠት የማይችል ግን ባይገዛው ይሻለዋል።

በቅርቡ የሚጠብቀኝ ሥራ የፒስተኑን ፋሻ መቀየር ነው፤ ሲነሣ የእግር ማስነሻው እንደ ድሮው አይከብድም፣ ይህም ግፊቱ መቀነሱን ይነግረኛል። ልጄም በሚቀጥለው ዓመት ወደ ትልቁ መጠን ትሸጋገራለች። ያን ጊዜ ሰዓቱን፣ የተቀየረውን ዕቃና የጎማውን አየር የጻፍንበት ደብተር ከሞተር ሳይክሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጄ በትልልቅ ፊደል የጻፈችው አንድ መስመር አለ፦ «አረንጓዴው ክዳን፣ የማዕድን ዘይት ብቻ።»